የሙከራው ሳምንት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ «ስለ ቴሌቪዥን አንድ ነገር ተናገርልን» ብሎ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እንቢ ብዬው ነበር። እኔ ያደግሁት ቴሌቪዥን በሌለበት ቤት ነው። በቀበሌያችን አንድ ቴሌቪዥን የነበረው ከጠላ ቤቱ ሲሆን፣ እሱንም የምናየው የኳስ ጨዋታ ባለ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ነበር። የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን ግማሽ ምእት ዓመት ፈጀበት። ሆኖም ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ በላፕቶፑ ያሳየኝ ዝግጅት ብዙ ቀን ከሐሳቤ ሳይወጣ ስለ ቀረ፣ «ስለ እሱ ብቻ ከሆነ እናገራለሁ» ብዬ እሺ አልሁ።

ዝግጅቱ የእንግሊዞች ነው። ስሙ «ዎንትድ ዳውን አንደር» ይባላል። እንግሊዞች አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን ከምድር በታች በኩል እንዳሉ አድርገው ይጠሯቸዋልና፣ «በታችኛው አገር የሚፈለጉ» እንደ ማለት ነው። ቢቢሲ ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው አገር ለቀው ለመሄድ ያስባሉ፤ ነገር ግን ገና አልቈረጡም። አዘጋጆቹ ወስደው ለአንድ ሳምንት እዚያ ያኖሯቸዋል። የሚከራይና የሚሸጥ ቤት ያሳዩአቸዋል። ባልየው ቧንቧ ሠራተኛ እንደ ሆነ ከቧንቧ ሠራተኞች ዘንድ፣ ሚስትየዋ ነርስ እንደ ሆነች ከሐኪም ቤት ይወስዷቸውና ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፣ የሥራው ሰዓት እንዴት እንደ ሆነ ራሳቸው ይጠይቃሉ። የዳቦው፣ የወተቱ፣ የመብራቱና የቤቱ ዋጋ ካገራቸው ዋጋ ጋራ እየተነጻጸረ ዐይናቸው እያየ ይደመራል። በዚህ ጊዜ ባሕሩንና ፀሐዩን አይቶ ሲቦርቅ የነበረው ባል ፊቱ ሲለዋወጥ ታያላችሁ። ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ካገር ቤት የቀሩ ዘመዶች የተናገሩት በፊልም ይቀርብላቸዋል። አያት ትናገራለች፤ ወንድም ይናገራል፤ የልብ ጓደኛ ይናገራል። ያን እያየ ዐይኑ ዕንባ የማያቅር ጥቂት ነው። በመጨረሻም እያንዳንዱ፣ ልጆቹ ሳይቀሩ፣ የመረጠውን አገር ባንዲራ የያዘ ሰሌዳ ያነሣል።

ይኸው ነው። ተኩስ የለበት፣ የፍቅር ታሪክ የለበት። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ገና አሥር ደቂቃ ሳያዩ ትተውት ሄደዋል። እኔን የያዘኝ ግን ሰው ከመሰደዱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ሁሉ፣ ሻንጣ ሳይታሰር፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ተራ በተራ ሲጠየቅ ማየቴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

እንግሊዞች ይህን ያህል ጥንቁቅ የሆኑት ከጥንት ጀምሮ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውስትራሊያ መንግሥት ሰው ስለ ፈለገ፣ አንድ ጐልማሳ እንግሊዛዊ 10 ፓውንድ ብቻ እየከፈለ በመርከብ እንዲሻገር አደረገ። ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት ለመቀመጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት ልመለስ ያለ የመጓጓዣውን ሙሉ ዋጋ መክፈል ነበረበት። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1982 እስኪቆም ድረስ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተሻገረ። ከአራቱ አንዱ ያህል ተመለሰ። ከተመለሱትም ውስጥ አገራቸው አልጥም ብሏቸው ዳግመኛ የሄዱ አሉ። እንግዲህ የሙከራው ሳምንት ሐሳብ እንዲህ ካለው ትዝታ ሳይመነጭ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። ጀርመኖችም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ «ጉድባይ ዶይችላንድ» የሚል ዝግጅት አላቸው። እሱ ግን ሰዎቹ ቈርጠው ከተነሡ በኋላ የሚደርስባቸውን የሚያሳይ ነው፤ የሰውን መሰናከል ቁጭ ብሎ ማየት ስለማይጥመኝ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

በገና ዕረፍት ወደ ጎዛምን ቤታችን ስሄድ ዝግጅቱን በስልኬ ይዤ ሄድሁና ለእናቴ እየተረጐምሁ አሳየኋት። ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ናቸው። ስለ ቤቱ ስፋት ስነግራት «ይህን ሁሉ ማን ይጠርገዋል?» አለች እንጂ ብዙም አልገረማት። አያትዮዋ በፊልሙ ላይ ቀርባ «ሂዱ፤ እኔ ደኅና ነኝ» እያለች ዕንባዋን ስትጠርግ ግን ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ወደ ዐይኗ አስጠጋችው። ኋላ ሰሌዳው ሲነሣ ዝም ብላ ተመለከተችና፣

«ይቺ አሮጊት ሰሌዳ የላትም?» አለችኝ።

«የላትም፤ የምትሄደው እሷ አይደለችማ» አልኋት።

«የምትቀረውስ እሷ አይደለችም?»

መልስ አልነበረኝም። እናቴ ፊደል አልቈጠረችም፤ ዝግጅቱን ያየችውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ስድስት ሰባት ጊዜ አይቼው ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር።

ነገሩን ካነሣን ዘንድ «ቤተ ሰብ» ማለት ማን ነው የሚለውን እንመልከት። እዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ውስጥ የዲቪ ፎርም የሞላ ወይም ሲሞላ ያየ ብዙ ሰው አለ። ይህ ዕጣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የአሜሪካ ሕግ የተፈጠረ ሲሆን፣ ከ1995 ጀምሮ በዓመት እስከ 55,000 ለሚደርስ ቪዛ ይወጣ ነበር። ኢትዮጵያም ለብዙ ዓመታት ዕጣው በብዛት ከሚደርሳቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ሆና ቈይታለች። በደብረ ማርቆስ መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያባራ በየኮምፒዩተር ቤቱ በር ላይ ነጭ ግድግዳ ተደግፎ ፎቶግራፍ የሚነሣውን ወጣት ታስታውሳላችሁ። ፎርሙ የሚጠይቀው የትዳር ጓደኛንና 21 ዓመት ያልሞላቸውን ያላገቡ ልጆች ስም ነው። እናትና አባት የሚጻፉበት መስመር የለውም። እናት አባቱን ይጦር የነበረ ልጅ በዚያ ፎርም ላይ ብቸኛ ሰው ሆኖ ይቈጠራል ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ዕጣው ከደረሰው በኋላ ሚስት የተፈለገለት፣ በወሩ ሠርግ የተደገሰለት ሰው እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል። የአባቱን ስም ያልጠየቀ ወረቀት ሚስት አጋባው!

የእንግሊዙ ዝግጅትም ቤተ ሰብን የሚቈጥረው እንደዚሁ ነው። የሚሄዱት ድምፅ አላቸው፤ የሚቀሩት ዕንባ አላቸው። እናቴን ቅር ያላት ይህ ነው፤ እውነትም አላት። ነገር ግን በእናቴ ላይ ልፈርድ አልችልምና በቀስታ እንድናገር ፍቀዱልኝ፤ በኛ ቤት የተደረገው ከዚህ የባሰ ነው። በኛ ቤት ሰሌዳውን ያነሣነው የቀረነው ነን። የሄደችው ሰሌዳ አልነበራትም።

ታላቅ እኅቴ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄደችው በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ትምህርቷን ከዐሥረኛ ክፍል አቋርጣ ቤት ትረዳ ነበር። አንድ ማታ አባቴ፣ አጎቴና አንድ ደላላ እምድጃው ዙሪያ ተቀመጡ። ቡናውን የምታፈላው ራሷ እኅቴ ናት። እኔ ከማዶ ሆኜ በኩራዝ አጠናለሁ። ስለ በሬው ዋጋ፣ ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ጤና ምርመራው፣ ስለ ደላላው ድርሻ ሲነጋገሩ አቦሉ አለቀ፤ ቶናው አለቀ፤ በረካው ቀረበ። «ጐበዝ ልጅ ናት፤ ሥራ አይከብዳትም» ተባለ። «ያገኘችውን አታባክንም» ተባለ። ማንም ወደ እሷ ዞር ብሎ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላላትም። እኔም አላልሁም። ከሁሉ ይበልጥ የምትወደኝ እሷ ነበረች፤ እኔ ግን ደብተሬን ገለጥሁ።

አንዱ በሬ ተሸጠ። የቀረው በሬ ባለ አንድ በሬ ከሆነ ጐረቤታችን ጋራ በመቀናጆ ታረሰበት። እኅቴም አንድ ማለዳ በአውቶቡስ ተሳፍራ ደጀንን አልፋ ዓባይን ተሻገረች። አያቴ በሕይወት ሳለች ዓባይን የተሻገረ ሰው ሁሉ ለእሷ የተሰደደ ነበር፤ አዲስ አበባም ይሁን ጅዳ ልዩነት አታደርግም።

አሁን ወደ ሙከራው ልመለስ። የእንግሊዙ ቧንቧ ሠራተኛ አውስትራሊያን ለአንድ ሳምንት ሞክሮ አልወደድሁትም ብሎ ቢመለስ ማንም አይጠይቀውም፤ ቤቱ አለ፣ ሥራው አለ። ለእኅቴም የሙከራ ጊዜ አለ ተብሎ ነበር። በቤት ሠራተኞች ቅጥር ብዙ ጊዜ የሦስት ወር መተማመኛ ይያዛል። እኛ ይህን ስንሰማ ተደስተን ነበር፤ «ካልተስማማት በሦስት ወር ትመለሳለች» ብለን ተረድተነው ነበርና። ኋላ ከራሷ እንደ ሰማነው መተማመኛው የአሠሪዋ ነው። ሠራተኛዋ ካልተስማማቻቸው በሦስት ወር ውስጥ ይመልሷታል፤ በምትኳም ሌላ ትላክላቸዋለች። እንግሊዛዊው አገሩን ይሞክራል፤ እኅቴን ግን አገሩ ሞከራት። የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ በኩል የተያዘ ስለ ነበር፣ ያለ እነሱ ፈቃድ ቤት መለወጥ አትችልም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት እንዴት እንዳሳለፈች ስትነግረን «ብርጭቆ እንዳልሰብር ስፈራ ነው ያለቀው» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

እኔ ስደትን ለማውገዝ እዚህ የቆምሁ ሰው እንዳልመስላችሁ። በሄደችበት ገንዘብ የቤታችን ሣር ክዳን በቆርቆሮ ተለውጧል። የሸጥነው በሬ ተተክቷል። ይህን የለበስሁትን ኮት የገዛችልኝ እሷ ናት፤ ትምህርቴም ያላቋረጠው በእሷ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ የክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ እንኳ፣ ድምፅዋን ሳንሰማ ገንዘቧ በሰው በሰው ይደርሰን ነበር። የሁለት ዓመት ውሏ በ2016 ሰኔ ሲያልቅ ለሁለተኛ ጊዜ ያደሰችው እኔ የ12ኛ ክፍል ፈተና እፈተን ስለ ነበር ነው። ያን ጊዜም የጠየቃት የለም። «ታድሳለች» ተባለ፤ አደሰች።

በየቤቱ ያለው ይህ ልማድ በአደባባይም አለ። በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ወደ ዓረብ አገሮች ለሥራ መሄድ ተከለከለ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ማስወጣት ስለ ጀመረች በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ተመለሱ። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 923 ወጥቶ የምትሄደው ሠራተኛ ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች እንድትሆን፣ በሁለቱ መንግሥታትም መካከል ስምምነት እንዲኖር አዘዘ። በ2010 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን ከተሞች ከ18 እስከ 40 ዓመት የሆናቸው ሴቶች እንዲመዘገቡ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ደመወዙም በወር 1,000 ሪያል እንደ ሆነ ተነገረ። «አትሂጂ» ሲባልም «ሂጂ» ሲባልም የተነሣው ሰሌዳ የሌላ ሰው ነው። ለክልከላውም ለፈቃዱም በቂ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ በዚያ ላይ የሚከራከረኝ ቢኖር አልቃወመውም።

ይህ ነገር አዲስ ነው ወይ? ብለን እንደ ሆነ፣ አዲስም ነው አይደለምም። ጎጃም ልጆቹን የመላክ ልማድ ያለው አገር ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ዲማ፣ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ቅኔ ሊቈጥር የወጣው ልጅ ስንት ነው! ከነዚህ ውስጥ ለወላጆቹ ሳይነግር በሌሊት ጠፍቶ የሄደ አለ፤ ወላጆቹ የላኩትም አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከማንኩሳ ወደ ዲማ የሚያመጣው የወላጆቹ ስለት ነው፤ ሕፃኑን የጠየቀው የለም፤ ያ ስለትም እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ነገር ግን የቈሎ ተማሪ አንድ ነጻነት ነበረው። መምህሩ ካልተስማማው አኩፋዳውን አንሥቶ ወደ ሌላ መምህር ይሻገራል። «የሦስት ወር መተማመኛ አለብህ» የሚለው የለም። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርደው ገበሬም እንዲሁ ነው፤ አንድ ዓመት ጐረቤቱ ሄዶ ይመጣና ስለ ወባው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ክፍያው ያወራል፤ ሰሚው አመዛዝኖ ይሄዳል ወይም ይቀራል። ይህም ያለ ካሜራ የተደረገ ሙከራ ነው።

ሳይሞከር የተደረገውንም አይተናል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ያን ጊዜ በጎጃም ክፍለ ሀገር በነበረው በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ፣ ሰማንያ ሺህ ያህል ሰው ሰፈረ። ከወሎ፣ ከሰሜን ሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ የመጣ ሰው ነበር። ከደጋ ወጥቶ ቆላ የገባውን በሽታ ጨረሰው፤ በዚያ ምድር ይኖር የነበረው የጉሙዝ ሕዝብም መሬቱ ሲወሰድ የጠየቀው አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. ሌላ የሰፈራ ዕቅድ ሲወጣ ግን ካለፈው ጥቂት ነገር የተማሩ ይመስላል፤ በፈቃድ ይሁን፣ በዚያው በክልሉ ውስጥ ይሁን፣ ሰፋሪውም ለሦስት ዓመት የቀድሞ መሬቱን የመጠቀም መብት አይጣ ተባለ። አፈጻጸሙ ሁሉ እንደ ቃሉ ነበር አልልም። ነገር ግን «መሬትህ ይቈይህ፤ ሞክረህ ተመለስ» የሚል ሐሳብ በወረቀት ላይ መስፈሩን ሳነብ የእንግሊዞቹ ዝግጅት ትዝ አለኝ።

ዛሬ የሙከራውን ሳምንት ለኛ የሚተካልን ምንድር ነው? ስልክ ነው። ፎቶግራፍ ነው። ከዱባይ ፎቅ ሥር ቆማ የተነሣች ልጅ፣ በቲክቶክ የምትስቅ ልጅ ናት። እነዚህ ሐሰት ናቸው አልልም፤ እኅቴም ልካልናለች። በአንድ ዒድ ቀን የተነሣችውን ፎቶግራፍ እናቴ በመስተዋት አስገጥማ ከግድግዳ ሰቅላዋለች። ሥዕሉ የማያሳየው ዋጋው ሲደመር ፊቱ የሚለዋወጠውን ባል ነው። ያን ክፍል እኛ ቈርጠን ጥለነዋል። የላኪዋ ኵራት አይፈቅድላትም፤ የተቀባዩም ችግር አይፈቅድለትም።

እንዲህ ያለ ዝግጅት በአማርኛ፣ ከአንድ የጎዛምን ወይም የማቻከል ቤት ተነሥቶ ቢሠራ ደስ ይለኛል። አውስትራሊያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ወጪውንም የሚችል የለም። ከዓረብ አገር ተመልሳ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ ሻይ ቤት የከፈተች ሴት እንግዳ ሆና ትምጣና እምድጃው ዳር ትቀመጥ። በስንት ሰዓት እንደምትነሣ፣ የት እንደምትተኛ፣ በወር ስንት ልካ ስንት እንደ ቀራት ትናገር። የበሬው ዋጋ፣ የደላላው ድርሻ፣ የአበዳሪው ወለድ በአንድ ወገን፣ ደመወዙ በሌላ ወገን በከሰልም ቢሆን ከግድግዳ ላይ ይጻፍ። ሰሌዳውም ለአያትም፣ ለእናትም፣ ለአባትም ይሰጥ፤ እናቴ ደስ ይበላት። ቡና ለምታፈላው ግን ቀድሞ ይሰጣት፤ የእሷ ሰሌዳ ብቻውን «አልሄድም» ካለም የሌሎቹ ሁሉ ተደምሮ አያሸንፈው። ቡናውን በዚያ ቀን ሌላ ሰው ቢያፈላው ደግሞ የተሻለ ነው።

ቴሌቪዥኑ ይህን እስኪሠራ የምንጠብቅበት ምክንያት የለም። እዚህ ካለነው ውስጥ ብዙዎቻችን የምንማረው አንድ ሰው ሄዶልን ነው። እጃችሁን አንሡ አልልም፤ እኔ ራሴ ይህን ለመናገር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

የእኅቴ ሁለተኛ ውል በመጪው ሰኔ ያልቃል። ያለፈው እሑድ እቤት ነበርሁና ስትደውል ሁላችንም ስልኩን ከበን ተቀመጥን። «ልምጣ ወይስ ላድስ?» አለች። አባቴ ዝም አለ። እናቴ እኔን አየችኝ፤ ለመመረቅ ሁለት ዓመት እንደሚቀረኝ ታውቃለች። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኋት። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለን ድረስ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ፣ «እስቲ ላስብበት» አለች። «ጠይቃችሁኝ ስለማታውቁ አላሰብሁበትም።»

የፊታችን እሑድ ትደውላለች።